ከመንጠቆው ጀምረሽ ግዢ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሥራ ዝውውር ሐዋሳ ከገባሽ ገና ሦስት ወርሽ ነው። የ13 ዓመት ልጅሽ ሐይቁን ካየ ጀምሮ ዓሣ ላጥምድ እያለ አላስቀምጥ ብሎሻል። በትንሽ ብር ከዳር ለመጀመር ምን ልግዛ፣ ካያክስ (በመቅዘፊያ የሚሄደው ጠባብ ጀልባ) አሁኑኑ ይገዛ ወይስ ይቆይ ነው ያልሽው። ብዙ ሰው «ጥሩ ዘንግ ግዢ» ብሎ መልሶልሻል። እኔ ሐይቁ ዳር ማጥመድ ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ፤ ካያክ ላይ ደግሞ 4 ዓመት። ስለዚህ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሰው ሁሉ ግዢ የሚጀምረው እጁ ከሚይዘው ነገር ነው፤ ከዘንጉ። አንቺ ግን ዓሣው ከሚነካው ጀምሪ። መጀመሪያ መንጠቆ፣ ቀጥሎ ክር፣ ቀጥሎ ሪል (ክሩን የሚጠቀልለው ዕቃ)፣ መጨረሻ ላይ ዘንግ። ብሩ ካነሰ ዘንጉ ላይ ይነስ እንጂ መንጠቆና ክሩ ላይ አይነስ።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። መጀመሪያ የገዛሁት ዘንግ፣ ሪል፣ ክርና መንጠቆ አንድ ላይ የታሸገበት «ሙሉ ስብስብ» የሚሉትን ነበር። ዘንጉ እንደ አንቴና የሚሳብ፣ የሚያብረቀርቅ። በሁለተኛው ሳምንት፣ ሊመሽ ሲል፣ አንድ ትልቅ አምባዛ ያዘልኝ። ዳር ድረስ አመጣሁት፤ ጢሙን ሁሉ አየሁት። ከዚያ ክሩ እንደ ደረቅ ሳር ቀጭ አለ። ክሩን በኋላ ቋጥሬ ስጎትተው በባዶ እጅ ተበጠሰ። ሱቅ መስኮት ላይ ስንት ጊዜ ፀሐይ እንደመታው እንጃ። ናይለን ፀሐይ ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው የታሸገ ስብስብ አትግዢ የምልሽ።

እዚህ ምን ዓይነት ዓሣ እንዳለ ካወቅሽ ግማሹ ወጪ ይቀርልሻል። ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ ለኛ የሚሆኑት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ቆሮሶ፣ አምባዛና ቢልጫ። ያ በቪዲዮ የምታዪው ግዙፍ ናይል ፐርች ያለው ጫሞና አባያ ነው። እዚህ የለም። ስለዚህ ያ ሁሉ በቀለም ያጌጠ የፕላስቲክና የብረት አርቲፊሻል ዓሣ ለጊዜው አያስፈልግሽም። ቆሮሶ ዋና ምግቡ ውሃ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ደቃቅ ነገር ነው፤ ሌላ ዓሣ አያሳድድም። ትልና ሊጥ ግን ይወስዳል። አምባዛ ደግሞ የሚመጣው የምግቡን ሽታ ተከትሎ ነው፤ ይበልጥም ማታ ነው የሚበላው። አንዳንድ ሰው ቅርፊት ስለሌለው በሃይማኖት ምክንያት አምባዛ አይበላም። ቤትሽ እንዲያ ከሆነ ቆሮሶ ላይ ብቻ ማተኮር ትችያለሽ፤ ወጪሽም ይበልጥ ይቀንሳል።

መንጠቆ። ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው። ጀማሪ ሁሉ በጣም ትልቅ መንጠቆ ይዞ መጥቶ «ዓሣው ምግቡን እየበላ ይሄዳል» ይላል። ቁጥር 8 ወይም 10 ግዢ። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ እንዳትሳሳቺ። ለአምባዛ 2/0 ወይም 3/0 ይሁን፤ በዚህኛው አቆጣጠር ደግሞ ቁጥሩ ሲጨምር ይተልቃል። ከመግዛትሽ በፊት ጫፉን በአውራ ጣትሽ ጥፍር ላይ ቀስ አድርገሽ ሳቢው። ከጫረ ስለት አለው። ከተንሸራተተ መልሺው።

ክር። ተራ ናይለን ይበቃል። ለቆሮሶ 0.25 ሚሊ ሜትር፣ አምባዛም ሊመጣ በሚችልበት ጊዜ 0.35። የተጠለፈው ክር ጠንካራ ነው፤ ግን ውድ ነው፣ ዓሣ ሲጎትተው የልጅ ጣት ይቆርጣል። ተይው። ጨለማ ቦታ የተቀመጠ ክር ምረጪ። ባለሱቁን አንድ ክንድ አስፈትተሽ ቋጥረሽ ሳቢው። ጥሩ ሰው ከሆነ አይቆጣም።

ቋጠሮውን ለልጁ ቤት ውስጥ አስተምሪው። ክሩን በመንጠቆው ዓይን አሳልፊ። ጫፉን ዋናው ክር ላይ አምስት ስድስቴ ጠምጥሚ። ከዚያ ጫፉን መልሰሽ ዓይኑ አጠገብ በቀረችው ትንሽ ቀዳዳ አስገቢ። ገና አታጥብቂ። መጀመሪያ በምራቅሽ አርጥቢው። ደረቅ ናይለን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ይፋተግና ይሞቃል፤ የሞቀ ናይለን ይደክማል። ካረጠብሽው በኋላ ቀስ ብለሽ ሳቢ። ጥምጥሙ እንደ ሞላ ተደራርቦ ሲቀመጥ ታያለሽ። ካልተደራረበ ቆርጠሽ እንደገና ጀምሪ። እኔ ካመለጡኝ ዓሦች አብዛኞቹ ያመለጡት ዘንግ ተሰብሮ ሳይሆን ቋጠሮ ተፈቶ ነው።

መንጠቆውን ወደ ታች የሚያሰጥመውን ክብደት አትግዢ። ጋራዥ ሄደሽ ያረጀ ካንዴላ ጠይቂ። ባጃጅ በሞላበት ከተማ ካንዴላ አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ በነጻ ይሰጡሻል። ለቆሮሶ ከበደ ካልሽ አንድ ዳዶ ይበቃል። እርሳስ ብታገኚ እንኳ መርዝ ስለሆነ ልጁ በጥርሱ እንዳይነክሰው። ዓሣ ሲነካ የሚያሳየውን ተንሳፋፊ ከተበጠሰ ነጠላ ጫማ በምላጭ ቁረጡለት። ትሉን ከጓሮ ቆፍሩ። ለአምባዛ የሚሆን አንጀት ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት ዓሣ ከሚያጸዱት ልጆች ይገኛል፤ በትህትና ጠይቂያቸው። ልጁንም ይዘሽው ሂጂ። እነሱ ሲሠሩ አንድ ሰዓት ቆሞ ያየ ልጅ ስለ ዓሣ ብዙ ነገር ያውቃል።

አሁን ሪል። ከብርሽ ትልቁን ድርሻ እዚህ ላይ አውዪ። መጠኑን የሚነግር 3000 የሚል ቁጥር ያለው ለሁሉም ይሆናል። በውስጡ ስንት ኩሽኔታ አለው የሚለውን ማስታወቂያ እርሺው። እጀታውን ይዘሽ ወደ ጎን ነቅንቂው፤ ከተንገጫገጨ ተይው። ቀጥሎ ድራጉን ፈትሺ። ድራግ ማለት ዓሣው ሲበረታ ክሩን እየለቀቀ እንዳይበጠስ የሚያደርገው ክፍል ነው። ክሩን በእጅሽ ቀስ እያልሽ ሳቢው። እየተንተባተበ የሚለቅ ከሆነ ክር ይበጥስብሻል። ለስለስ ብሎ ከወጣ ውሰጂው። ቤት ስትደርሺ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙዪና ክሩ ጫፍ ላይ እሰሪ። ቀጥ አድርገሽ ስታነሺው ሪሉ ገና መልቀቅ እንዲጀምር አድርገሽ አስተካክዪ። ከ6 እስከ 8 ኪሎ ለሚችል ክር ልክ ነው። ለቀጭኑ ክር ግን ሃይላንዱን እስከ ግማሽ ብቻ ሙዪው።

ዘንጉ የመጨረሻ ነው ብያለሁ። ብር ከተረፈ ከሁለት ቁራጭ የሚገጠም፣ 2.4 ሜትር ገደማ የሆነ የፋይበርግላስ ዘንግ ግዢ። ከካርቦን ይከብዳል፤ ግን ልጅ ቢረግጠውም፣ በር ቢዘጋበትም እንደ ካርቦን ቶሎ አይሰበርም። እንደ አንቴና የሚሳበውን ተይ።

ብር ካልተረፈ ደግሞ ለልጁ ቀርከሃ ይሁን። ሲዳማ ደጋው ላይ ቀርከሃ ሞልቷል፤ ገበያም ይወርዳል። 3 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ቀጥ ያለ ምረጪና ጥላ ውስጥ ሦስት አራት ሳምንት አድርቂው። ክሩን ጫፉ ላይ ብቻ አትሰሪው። ከእጀታው ጀምሮ በየመካከሉ እያሰርሽ እስከ ጫፉ አድርሺው። ጫፉ ቢሰበር ዓሣው አብሮ አይሄድም። ከጫፉ ወዲያ የሚንጠለጠለው ክር ርዝመት ከቀርከሃው ጋር እኩል ይሁን። ቆሮሶ ጠዋት ዳር ዳሩን፣ ሣሩ አጠገብ ስለሚሆን ሩቅ መወርወር አያስፈልግም። በዚህ መሣሪያ ለልጅሽ ሪል ሳይገዛ ስድስት ወር ማሳለፍ ይቻላል። ከልቤ ነው የምልሽ።

ማንም ያልነገረሽን አንድ ዕቃ ልጨምር። ቦቲ ጫማ። ሐዋሳ ሐይቅ ቢልሃርዚያ አለበት። ትሉ ዳር ላይ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ በቆዳ ነው የሚገባው። ልጁ ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ እንዳይቆም። እስካሁን ገብቶ ከሆነ ጤና ጣቢያ ወስደሽ አስመርምሪው፤ መድኃኒት አለው። እኔ ቦቲን ከሪል አስቀድማለሁ። ከሱ ሌላ ፒንሳ፣ ቢላና ክዳን ያለው ባልዲ ይበቃሻል። ፒንሳው ዓሣው የዋጠውን መንጠቆ ለማውጣት ነው። አምባዛ ስትይዙ የጎን ክንፎቹ ፊት ላይ መጋዝ የመሰለ እሾህ አለ። በጨርቅ ይያዝ።

የተቆረጠ ክር ዳር ላይ አትጣሉ። እግሩ በናይለን ታስሮ የሚያነክስ አባ ኮዳ እዚሁ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው ሰፈር አካባቢ አይቻለሁ። ልብ ይሰብራል። የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ እየከተታችሁ ወደ ቤት ውሰዱት።

ወደ ካያኩ ልምጣ። አሁን አትግዢ። ቢያንስ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ከዳር አሳልፉ። ሐይቁ ጠዋትና ከሰዓት አንድ ዓይነት ሐይቅ አይደለም። ጠዋት እንደ መስታወት ይሆናል። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ማዕበሉ ግንቡን ሲመታው ዳር ሆነሽ ትሰሚዋለሽ። ያንን ሰዓት በዓይናችሁ ሳታውቁት ውሃ ላይ መሆን የለባችሁም።

እኔ አንድ ቀን ዓሣው በጣም ስለያዘልኝ እስከ 8 ሰዓት ቆየሁ። መልህቄ በድንጋይ የተሞላ ማዳበሪያ ነበር። ገመዱን የካያኩ ጎን ላይ ነበር ያሰርኩት። ነፋሱ ሲመጣ ካያኩ ዞረ፤ ገመዱ ጎኑን ወደ ታች ያዘው። ማዕበሉ በዚያው በኩል መግባት ጀመረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ልገለበጥ ስል ጃኬቴ ላይ በታሰረችው ቢላ ገመዱን ቆረጥኩት። ዳር ስደርስ እጄ መቅዘፊያውን አልለቅም አለ። ከዚያ ወዲህ መልህቅ የማስረው ፊት ወይም ኋላ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ከ4 ሰዓት በኋላም ውሃ ላይ አልገኝም።

ጊዜው ሲደርስ የካያኩንም ግዢ እንደ ዘንጉ አድርጊው። ከሰውነታችሁ ጀምሪ። መጀመሪያ ላይፍ ጃኬት፣ ቀጥሎ መቅዘፊያ፣ መጨረሻ ካያኩ። የልጁን ጃኬት በዕድሜው ሳይሆን በኪሎው ልክ ግዢ። አልብሰሽ፣ ቀበቶውን ሁሉ አጥብቀሽ፣ ትከሻው ላይ ይዘሽ ወደ ላይ ሳቢው። ጃኬቱ ወደ ጆሮው ከወጣ ሰፊ ነው። «ያድግበታል» ብሎ ላይፍ ጃኬት አይገዛም። ጃኬቱ ላይ ፊሽካ እሰሪለት።

ካያኩ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ዓይነት ይሁን እንጂ ውስጡ የሚገቡበት አይሁን። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ውሃ ቢገባበት በቀዳዳዎቹ ይወርዳል፤ ብትገለበጪም መልሰሽ ትወጪበታለሽ። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከሆነ ለጀማሪ አይወላገድም። ያገለገለ ካገኘሽ ገልብጠሽ ሆዱን እይ። ጭረት ችግር የለውም። መቀመጫው ሥርና ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ስንጥቅ ካለ ግን አትግዢ። በአየር የሚሞላው ርካሽ ነው፣ ቤትም ቦታ አይዝም። ግን የኛ ዳር የግራር እሾህ አለበት፣ አንቺ መንጠቆ ይዘሻል፣ አምባዛውም እሾህ አለው። ያን ከገዛሽ ለየብቻ የሚሞሉ ሁለት ሦስት ክፍሎች ያሉትን ብቻ ምረጪ።

እስከዚያው ውሃ ላይ መሆን ካማረው ፍቅር ሐይቅ ወይም አሞራ ገደል ጀልባ ከነቀዛፊው ለአንድ ሰዓት ተከራይታችሁ አጥምዱ። ቀዛፊዎቹ ጉማሬ የት እንደሚውል ያውቃሉ። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ ሲነጋጋ ይመለሳል፤ በሱና በውሃው መካከል መገኘት አደገኛ ነው። ጎህ ሳይቀድ ሣሩ ውስጥ እንዳትገቡ። የተንሳፈፈ ነገር በሰልፍ ካያችሁ የአጥማጆች መረብ ነው፤ ከእሱ ራቁ። መንጠቋችሁ ከተያዘበት የራሳችሁን ክር ቁረጡ እንጂ መረቡን አትንኩ። የሰው እንጀራ ነው።

እኔ ጋ የታጠቡ ካንዴላዎች በቆርቆሮ ሙሉ አሉ። ቁጥር 10 መንጠቆም ይኖረኛል። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ፍቅር ሐይቅ፣ ግንቡ ላይ እሆናለሁ። ልጁን ይዘሽ ነይ፤ ቦቲውን አድርጎ ይምጣ፣ ትል እኔ አመጣለሁ።