የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥዕሎች በአካል ለማየት

እህቴ፣ የሰዓሊውና ገጣሚው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕሎች የት እንደሚገኙና ከዚህ በፊት የት ለእይታ እንደቀረቡ ጠይቀሻል። ስድስት ኪሎ ሂጂ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስሙ የተጠራ ነው፤ ጀርመን ቀርተው ከነበሩት ሥራዎቹም ወደዚያ ተመልሰዋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ሰውየው ራሱ ግን ሳይመለስ፣ በስደት እንዳለ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ነው ያረፈው።

ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ ተምሮ፣ እዚያው ሥራዎቹን አሳይቶ ተመለሰ። በ1963 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ዐውደ ርእይ ረቂቅ ሥዕልን (ነገሮችን እንዳሉ ሳያስመስል በቀለምና በቅርጽ የሚናገረውን) ለከተማው ተመልካች አስተዋወቀ፤ በ1965 እ.ኤ.አ. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት አገኘ።

ከኅትመት በኩል፣ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርዕስ የታተሙት ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ከሥዕሎቹ ጋር አጣምረሽ አንብቢያቸው፤ በእኔ እምነት አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። በመጽሐፍ ላይ የታተመ ሥዕል ብቻ አይተሽ ግን እንዳትፈርጂ። ቀይ ቀለሙ ወረቀት ላይ ይሞታል። ከሰሌዳው ጎን ቆመሽ በብርሃን ስታይው፣ የቀለሙ ድርብርብ ጠርዝ ጥላ ሲጥል ታገኚዋለሽ።