ከአዳማ እስከ ወንጂ ቦዮች፦ የብስክሌተኞች ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ አቅጣጫ ናቸው፤ ከአዳማ ወደ ወንጂ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ሰው ብስክሌቱን ከጓዳ እያወጣ አቧራውን ይጠርጋል። ሦስት ደብዳቤዎች መርጫለሁ። የመጀመሪያው ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አዳማ የምንሠራ አራት ጓደኛሞች ነን። አንድ እሑድ በሳይክል ወንጂ ሄደን የአገዳውን ቦዮች ተከትለን መዞር እንፈልጋለን። ከከተማ ወጥተን ነድተን አናውቅም። ምን እንያዝ? ምንስ የሚታይ ነገር አለ? ሰው ሁሉ «አገዳ ብቻ ነው» ይለናል። (ሰላማዊት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ሰላማዊት፣ «አገዳ ብቻ ነው» ያለሽ ሰው ወንጂን በመኪና ያለፈ መሆን አለበት። በመኪና ለሚያልፍ እውነቱን ነው። ቀስ ብሎ በብስክሌት ለሚሄድና ለሚቆም ሰው ግን ብዙ ነገር አለ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ውጡ። ከዚያ ካለፈ ባጃጁና አይሱዙው መንገዱን ይሞላዋል። ወንጂ ከአዳማ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ትላለች፣ የወንጂ ሜዳ ደግሞ 1,540 ሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ መሄጃው በአብዛኛው ቁልቁል ነው። ጀማሪን የሚያታልለውም ይሄ ነው። መመለሻው ዳገት ነው፣ ፀሐይ አለ፣ በዚያ ላይ ነፋሱ አለ። ስለ አዳማ ነፋስ ለአዳማ ሰው አይነገርም፤ ከከተማው በላይ ያሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች በከንቱ አልተተከሉም። በበጋ በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ይነፍሳል። ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፣ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይጠብቃችኋል። ጉልበታችሁን ለመመለሻ ቆጥቡ። 4 ሰዓት ሳይሞላ ፊታችሁን ወደ አዳማ ብታዞሩ ይሻላል።

ቦዮቹን ተከትለው የሚሄዱት መንገዶች የእርሻው የሥራ መንገዶች ናቸው። ጥበቃ ስታገኙ ከሳይክላችሁ ውረዱ፣ ሰላም በሉ፣ ማን እንደሆናችሁና እስከ የት እንደምትሄዱ ንገሯቸው። «ዛሬ አይሆንም» ካሏችሁ አትከራከሩ። ምናልባት የሚቃጠል ማሳ አለ። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ እንዲወገድ ይቃጠላል፤ እሳቱ ደግሞ ሲነሣ ፈጣን ነው።

እኔ ያደግሁት እዚያ ነው። አባቴ የውኃ ሠራተኛ ነበር፤ በብስክሌት ከአንዱ የቦይ በር ወደ ሌላው እየሄደ የሚከፍትና የሚዘጋ። ስለዚህ ስለ ውኃው ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ውኃው የሚሄድበትን መንገድ ካወቃችሁ ሜዳውን ማንበብ ትችላላችሁ።

ውኃው ከአዋሽ በፓምፕ ተስቦ ዋናው ቦይ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በየበሩ እየተከፈለ ወደ ትንንሽ ቦዮች ይወርዳል፣ በመጨረሻም በአገዳው መካከል በትልም ይፈስሳል። ፓምፑ ሌሊትም ይሠራል፤ ማሳ የሚጠጣው ግን ቀን ነው። ለዚህ ሲባል የሌሊቱ ውኃ የሚጠራቀምባቸው ኩሬዎች አሉ። ጠዋት ሞልተው ታገኟቸዋላችሁ፣ ማታ ጎድለው። ወፍ ማየት የሚወድ ካላችሁ ኩሬ ዳር ቁጭ ይበል፤ ሌላው ይጠብቀው።

አንድ ማሳ ሲጠጣ ካገኛችሁ ቁሙና እዩ። ሰውዬው በአካፋው የቦዩን ጠርዝ ሁለት ሦስቴ ይመታል። ጭቃው ይናዳል። ውኃው መጀመሪያ ወደፊት አይሄድም፤ የጥቁሩ አፈር ስንጥቅ ይውጠዋል፣ ከስንጥቁ አረፋ ብቻ ይወጣል። ስንጥቁ ሲጠግብ ውኃው ትልሙን ይዞ ይነሣል፣ ደረቅ ቅጠል ከፊቱ እየገፋ። ሰውዬው ከጎኑ ይራመዳል። ጫፍ ሲደርስ ይመለስና ያንኑ ጭቃ መልሶ ይደፍነዋል፣ ወደሚቀጥለው ትልም ያልፋል። አባቴ ውኃው ጫፍ መድረሱን ሳያይ በድምፁ ያውቅ ነበር።

ይህ ሁሉ ዕድሜው ረጅም አይደለም። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልጻፍ። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ስኳር ሲያለማ ኖሮ፣ በ1951 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋዋለ። የወንጂ ፋብሪካ በ1954 ማምረት ጀመረ፣ ሁለተኛው፣ የሸዋ የተባለው ፋብሪካ፣ በ1962 ተከተለ። በመካከሉ በ1960 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ የቆቃ ግድብ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ክረምት የሚሞላው አዋሽ ቆቃ ላይ ተይዞ በበጋ ይለቀቃል፤ በጥር ቦዩ ውስጥ የምታዩት ውኃ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው ማለት ይቻላል። በ1975 ንብረቱ በመንግሥት ተወረሰ። ሁለቱ አሮጌ ፋብሪካዎች ዛሬ አይሠሩም፤ በአዲስ ተተክተዋል።

ግን ታሪኩን ከሆላንዶች አትጀምሩት። ከእነሱ በፊት ሜዳው የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ነበር። አገዳው ሲመጣ ከብቶቻቸውን ይዘው የተነሡ ሰዎች አሉ። ስለ ወንጂ ቅርስ ሲወራ ፋብሪካውና የፈረንጆቹ ቤቶች ብቻ ሲነሡ ያሳዝነኛል። መንገድ ላይ ሽማግሌ ካገኛችሁ ውረዱና «አካም ጅርቱ» በሉ። ድሮ ከብት የት ይጠጣ እንደነበር ጠይቋቸው። ጊዜ ካላቸው በእጃቸው እየጠቆሙ ያሳዩአችኋል፣ እናንተም ከዚያ በኋላ ሜዳውን የምታዩት በሌላ ዓይን ነው።

አሁን የማልደራደርበት ነገር። ምንም ያህል ቢሞቃችሁ እግራችሁን ቦይ ውስጥ አትንከሩ። የወንጂ ቦዮች በቢልሃርዚያ የታወቁ ናቸው፤ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት አጥንተውታል። በሽታውን የሚያመጣው ትል ውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ይወጣና በጤነኛ ቆዳ በኩል ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም፣ መጠጣትም አያስፈልግም። ውኃ የነካችሁ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። አመሻሽ ላይ ደግሞ የወባ ትንኝ አለ፣ ስለዚህ እስከ ማታ አትቆዩ።

የሚጠጣ ውኃ ከቤት ያዙ። በስምጥ ሸለቆ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ምክንያት የአካባቢው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። አንድ ቀን መጠጣት አይጎዳም። ከልጅነት ጀምሮ የጠጣው ሰው ግን ጥርሱ ይበልዛል፣ ሲብስም አጥንቱን ይጎዳዋል። ጥርሱ ቡናማ የሆነ ሰው ስታገኙ የጥርስ መፋቂያ የማያውቅ አይምሰላችሁ።

ዕቃ በብዛት አትሸከሙ። ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ መንፊያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ ይበቃል። ከሁሉ የሚበዛው ችግር የግራር እሾህ ነው። ጎማ ሲተነፍስ አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት የውጪውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ዳብሱት። እሾሁ እዚያው ተሰክቶ ካለ አዲሱንም ይበሳዋል። ፍሬናችሁን ቁልቁሉ ሳይጀምር ሞክሩ። ሌሊት ዝናብ ከነበረ ጉዞውን ለሌላ እሑድ አስተላልፉት፤ የወንጂ መረሬ፣ ማለትም ጥቁሩ አፈር፣ ጎማና ፍሬን መካከል ገብቶ ሲደርቅ ሳይክሉን ተሸክማችሁት ነው የምትመለሱት። አገዳው ከጭንቅላታችሁ በላይ ስለሚሆን አቅጣጫ ይጠፋል፤ በገባችሁበት ቦይ ውጡ።

ጥያቄ፦ ወንጂ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ከአዳማ የሚመጡ ብስክሌተኞችን ማየት ደስ ይለናል። ግን አገዳ ቆራጮቹ በጥላሸት ጠቁረው ሲሠሩ ሳይጠይቁ ፎቶ ያነሧቸዋል። አገዳ ሰብረው ይዘው የሚሄዱም አሉ። አባቴ አገዳ ቆራጭ ነበር። እባክዎ አንድ ነገር ይበሉ። (ተስፋዬ፣ ከወንጂ)

መልስ፦ ተስፋዬ፣ እውነትህን ነው። ያስጻፈህ ነገር እኔንም አንገብግቦኛል።

ቆራጮች ሥራ የሚጀምሩት ገና ሲነጋ ነው። የተቃጠለው ማሳ አመድ ፊታቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ፣ ላባቸው ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ የሚከፈላቸው በቆረጡት ልክ ስለሆነ ቆመው ሊያዋሯችሁ አይችሉም። አገዳውም አይጠብቅም። አንዴ ከተቃጠለና ከተቆረጠ ስኳሩ እየቀነሰ ስለሚሄድ ቶሎ ፋብሪካ መግባት አለበት። ጭነት የያዘ ተሽከርካሪ ሲመጣ ዳር ይዛችሁ፣ ወርዳችሁ አሳልፉት የምለውም ለዚህ ነው።

ስለዚህ ብስክሌተኞች ሆይ፣ በሥራ ላይ ያለን ሰው ፎቶ አታንሡ። ቁርስ ላይ ወይም ጥላ ሥር አረፍ ሲሉ ካገኛችኋቸው ሰላም በሏቸው፣ ስማቸውን ጠይቁ፣ ከዚያ ፈቅደው እንደሆነ አንሡ። ፎቶውንም አሳዩአቸው። ስልክ ካላቸው ላኩላቸው። የማታውቁት ሰው መሥሪያ ቤታችሁ ገብቶ ጠረጴዛችሁ ላይ እንዳቀረቀራችሁ ቢያነሣችሁ ምን ትሉ ነበር? አገዳ ማኘክ ካማራችሁ ከመንገድ ዳር ሻጭ ግዙ። ከማሳው መስበር ስርቆት ነው፤ ተጠያቂ የሚሆነውም ያሳለፋችሁ ጥበቃ ነው።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ወንጂ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። ልጄ ሆላንድ፣ ሮተርዳም ትኖራለች፤ በሰኔ ስሄድ በብስክሌት ቦይ ለቦይ ይዣሽ እዞራለሁ ትለኛለች። በወጣትነቴ እነዳ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን አልነካሁትም። ይቻለኛል? (ወ/ሮ አልማዝ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እትዬ አልማዝ፣ ይቻልዎታል። አዳማ ላይ ነድተው የሚያውቁ ሰው የሆላንድ ዳገት አያስፈራዎትም። አብዛኛው አገር ሜዳ ነው። ኮረብታማ የሚባለው በደቡብ ጫፍ ያለው ሊምቡርግ ነው፤ በአውሮፓ ባለው ግዛታቸው ከፍተኛው ቦታ ራሱ 322 ሜትር ብቻ ነው። ነፋሱ ግን የአዳማን ያስታውስዎታል። ሲወጡ ነፋሱን ፊት ለፊት ይዘው ይሂዱ፣ ሲመለሱ ከኋላ ይሁንልዎ።

ኪንደርዳይክ እንድትወስድዎ ልጅዎን ይጠይቋት። ከሮተርዳም ሩቅ አይደለም። አብዛኞቹ በ1740 አካባቢ የተሠሩ የነፋስ ወፍጮዎች፣ በአጠቃላይ 19፣ በቦይ ዳርና ዳር ቆመዋል። ከ1997 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። እህል አይፈጩም፤ ሥራቸው ከዝቅተኛው መሬት ውኃ እየቀዱ ወደ ላይ ማውጣት ነበር። እዚያ ሲቆሙ ባለቤትዎን የሚያስታውሱ ይመስለኛል። አገራቸው ውስጥ ውኃውን ከማሳው ሲያስወጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው ወንጂ መጥተው ውኃውን ወደ ማሳው ያስገቡት።

መንገድ ይጠፋኛል ብለው አይስጉ። በየመገናኛው ቁጥር ያለው ምልክት አለ። ከቤት ሲወጡ ቁጥሮቹን በወረቀት ይጻፉ፣ ከዚያ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው መሄድ ነው። ዘዴው የተጀመረው በ1995 በጎረቤት አገር ቤልጅየም ነው፤ ዛሬ ሆላንድን በሙሉ ይሸፍናል። መንገዱ ላይ የተሣሉ ነጭ ሦስት ማዕዘኖች ጫፋቸው ወደ እርስዎ ከዞረ ቅድሚያ ይስጡ። ስልክ በእጅ ይዞ መንዳት ከ2019 ጀምሮ ያስቀጣል። በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ተራ ብስክሌት ባቡር ላይ ስለማይጫን፣ በባቡር የምትሄዱ ከሆነ ረፋድ ላይ ይሁን።

አንድ ነገር ግን አስቀድመው ይወቁ። ብዙዎቹ የሆላንድ ብስክሌቶች ፍሬናቸው ፔዳሉ ላይ ነው። ወደ ኋላ ሲረግጡት ይቆማል። ልማድ የሌለው ሰው ፔዳሉን ለማስተካከል ወደ ኋላ ሲያዞር በድንገት ይቆምበታል። ስለዚህ ወደ ቦዩ ከመውጣትዎ በፊት ልጅዎ ሠፈር ጸጥ ባለ መንገድ ላይ መነሣትና መቆም ይለማመዱ። መቀመጫውንም እግርዎ መሬት እስኪነካ ድረስ ታውርድልዎት፤ እዚያ ሰው ረጅም ስለሆነ ከፍ አድርገው ነው የሚያስሩት።