ለሁለት ዓመት ብቻ የቆየ የአማተር ሊግ ታሪክ እንዴት ይሰበሰባል?

እህቴ፣ አስተያየቱ ስለበዛ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አባትሽ በሰባዎቹ መጨረሻ ሐዋሳን ማዕከል ባደረገ የአማተር ሊግ ተጫውተዋል። ሊጉ ሁለት ዓመት ቆይቶ ፈርሷል። በእጅሽ ያለው አንድ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) እና አንድ የቡድን ፎቶ ነው። የቀድሞ ተጫዋቾችን ስትጠይቂ ግማሾቹ ስድስት ቡድን ነበር ይላሉ፣ ግማሾቹ ስምንት። ሻምፒዮን ነበርን የሚሉት ደግሞ ሦስት ቡድኖች ናቸው። ማንን ልመን ነው ያልሽው።

ለጊዜው ማንንም። ዋሽተውሻል ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ሁሉም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ቶሎ የፈረሰ ሊግ ታሪክ ግን በትዝታ አይቆምም። መጀመሪያ የውድድር ደንቡንና የደረጃ ሠንጠረዡን ማቆም ነው፤ ትዝታው በዚያ እየተለካ ይገባል። እዚህ ከተማ ላይ ተጀምረው የቀሩት አብዛኞቹ ጽሑፎች በተቃራኒው ከወሬ የተነሱ ናቸው።

የቡድኑን ብዛት በቀጥታ አትጠይቂ። ስድስት ቡድን በደርሶ መልስ ሲጫወት 30 ጨዋታ ይሆናል፤ 10 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጨዋታ። ስምንት ከሆነ 56 ጨዋታ፣ 14 ሳምንት፣ በሳምንት 4። ሰባት ከሆነ ጨዋታው 42 ነው፤ ሳምንቱ ግን በየተራ አንድ ቡድን ስለሚያርፍ ያው 14 ነው። ስለዚህ ጋሼዎቹን "ቅዳሜና እሁድ ስንት ጨዋታ ነበር? የሚያርፍ ቡድንስ ነበር?" በያቸው። ራሳቸው ካልተጫወቱ ዳር ቁጭ ብለው ያዩ ስለነበር ይህን ከቡድን ብዛት በተሻለ ያስታውሱታል። እሁድ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት ካሉሽ ስምንት ነው። እሁድ ሁለት፣ ቅዳሜ አንድ ካሉሽ ስድስት ወይም ሰባት ነው፤ የሚለየው ያ የሚያርፈው ቡድን ነው።

ከስድስትና ከስምንት ጀርባ ብዙ ጊዜ ያለው ያቋረጠ ቡድን ነው። ስምንት ተመዝግበው፣ ስምንት ጀምረው፣ ሁለቱ በመጀመሪያው ዙር ይወጣሉ። እዚህ ላይ ደንቡ ወሳኝ ነው። አንዳንዱ ደንብ ያቋረጠውን ቡድን ውጤት በሙሉ ይሰርዛል፤ ሌላው የተጫወተውን አጽድቆ የቀረውን በፎርፌ ለተጋጣሚው ይሰጣል። በመጀመሪያው ከሄዱ ሠንጠረዡ ላይ ስድስት ቡድን ብቻ ይቀራል፣ በሁለተኛው ስምንቱም ይታያሉ። ያቋረጠው ቡድን ልጆች ግን ስምንት ነበርን ማለታቸውን አይተዉም፤ አላጠፉምም።

አሁን ሠንጠረዡ። የተቀደደም ይሁን በእጅ የተገለበጠ አንድ ሠንጠረዥ ካገኘሽ ከማመንሽ በፊት ደምሪው። የሁሉም ቡድኖች ድል ድምር ከሽንፈት ድምር እኩል መሆን አለበት። የአቻው ድምር ሙሉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ለ2 የሚካፈል መሆን አለበት፤ አንድ አቻ በሁለት ቡድን ስለሚመዘገብ። ያገቡት ጎል ድምር ከገባባቸው ድምር ጋር ይገጥማል። ነጥቡ ደግሞ እንደ ዘመኑ ነው። ለድል 3 ነጥብ በዓለም ዋንጫ ላይ የተጀመረው በ1986 ዓ.ም. አሜሪካ በተደረገው ውድድር ነው። ስለዚህ ለሰባዎቹ ሊግ ድል 2፣ አቻ 1 ብለሽ ጀምሪ፤ ደንቡ ሌላ ካለ ደንቡ ይገዛል። በ2 ነጥብ የሁሉም ቡድን ነጥብ ሲደመር የጨዋታው እጥፍ ነው፤ ለስድስት ቡድን 60፣ ለስምንት 112። 58 ከመጣ አንድ ጨዋታ አልተደረገም ወይም ውጤቱ አልተመዘገበም። 59 ከመጣ የአንዱ ቡድን ነጥብ በቅጣት ተቀንሷል፣ አለዚያም ገልባጩ ተሳስቷል። ጎሉ ካልገጠመ በመጀመሪያ ፎርፌውን ጠርጥሪ። አንዳንዱ ጸሐፊ ለአሸናፊው 2 ለ 0 ወይም 3 ለ 0 ይመዘግብና ተሸናፊው ላይ ማስገባቱን ይረሳል፤ ልዩነቱ ልክ 2 ወይም 3 ከሆነ ምክንያቱ ከሞላ ጎደል ይህ ነው።

ሦስት ሻምፒዮን የሚለው ከሚመስለው ይቀላል። ሁለት ዓመት ከሆነ ሁለት የሊግ ዋንጫ ሊኖር ይችላል፤ ሦስተኛው የሌላ ውድድር ዋንጫ ሳይሆን አይቀርም። በዚያ ዘመን ከሊጉ ጎን ጥሎ ማለፍ ይደረግ ነበር። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን፣ መስከረም 2 ደግሞ የአብዮት በዓል ዋንጫ ነበር። ተጫዋቹ ዋንጫ ማንሳቱን እንጂ ዋንጫው ላይ የተቀረጸውን አያስታውስም። ስለዚህ "ዋንጫውን በየትኛው ወር ተቀበላችሁ?" ብለሽ ጠይቂ። ዋንጫው ተዘዋዋሪ ከነበረም መጠየቅ አለበት። ተዘዋዋሪ ዋንጫ ለቀጣዩ ዓመት ይመለሳል እንጂ አሸናፊው ቤት አይቀርም፤ ሊጉ ከፈረሰ ግን የመጨረሻው አሸናፊ ጋር ወይም ያዘጋጀው መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዋንጫው እኛ ጋ ነው ማለት የሊግ ሻምፒዮን ነበርን ማለት ላይሆን ይችላል።

በእኩል ነጥብ ያለቀ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። አንዱ ቡድን 30 አግብቶ 10 ቢገባበት ልዩነቱ 20 ነው፤ ሌላው 36 አግብቶ 14 ቢገባበት 22። በጎል ልዩነት ሁለተኛው ይቀድማል። በድሮው መንገድ ያገባው ለገባበት ሲካፈል ግን የመጀመሪያው 3፣ የሁለተኛው 2.57 ገደማ ስለሚሆን ዋንጫው ወደ መጀመሪያው ይሄዳል። ደንቡን ሳታዪ ሻምፒዮን አትጥሪ የምልሽ ለዚህ ነው።

ወረቀቱ የት አለ ለሚለው፣ የሐዋሳ ጉዳይ ከሌላ ከተማ ይበልጥ ይወሳሰባል። ከተማዋ የሲዳሞ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። በ1980 አስተዳደሩ እንደ አዲስ ሲዋቀር ቦረና ተለየ፣ ወላይታ ወደ ሰሜን ኦሞ ተቆረጠ። ከ1984 ወዲህ የደቡብ ክልል መጣ፤ ሲዳማ በ2012 ክልል ሆነ፤ ደቡብ የሚባለውም በ2015 መጨረሻ ተከፋፍሎ ፈረሰ። በየጊዜው ቢሮ ሲፈርስና ሲዋቀር ፋይል ተጭኗል፣ ተከፋፍሏል፣ ተጥሏል። በሊጉ ውስጥ የወላይታ ሶዶ ወይም የነገሌ ቦረና ቡድን ከነበረ አንዱ ቅጂ እዚያ ሊሆን ይችላል። ደንብና የጨዋታ ፕሮግራም ለየቡድኑ ይታደል ስለነበር ከማዕከሉ ይልቅ ከአባላቱ የማግኘት ዕድልሽ ይሻላል።

በመዝገብ ቤት "የሊግ ፋይል" ብለሽ ከጠየቅሽ የለም ትባያለሽ። የንብረት ክፍልን ጠይቂ። ኳስ፣ ማሊያና መረብ ከመንግሥት መጋዘን የሚወጣው በሞዴል 22 ነው፤ ሲገባ በሞዴል 19። በአንድ ቀን ለስምንት ተቀባይ የተፈረመ የኳስ ወጪ ካገኘሽ የተመዘገቡትን ቡድኖች ስም አገኘሽ ማለት ነው፤ የቡድን መሪዎቹ ፊርማም ጭምር። የፋብሪካ ቡድኖች፣ ለምሳሌ የጨርቃ ጨርቁ፣ ሌላ በር አላቸው። ሠራተኛ በፈረቃ ስለሚሠራ ለጨዋታ የፈቃድ ደብዳቤ ይጻፍለት ነበር፤ ደብዳቤው ላይ ቀንና ተጋጣሚ ይኖራል። የዳኞች የውሎ አበል መክፈያ ከተገኘ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል፤ ያልተደረገ ጨዋታ አይከፈልበትማ።

አዲስ አበባ የምትሄጂ ከሆነ ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) የድሮ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ጥራዞች አሉ። የድጋፍ ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂ። የክፍለ ሀገር ስፖርት ዜና ዘግይቶ ሊወጣ ስለሚችል የጋዜጣውን ቀን የጨዋታው ቀን አድርገሽ አትመዝግቢ፤ ሁለቱንም ለየብቻ ጻፊ።

የዘመን አቆጣጠሩን ከመጀመሪያው ቀን አንድ አድርጊው። ኅዳር ተጀምሮ ግንቦት ያለቀ ውድድር በእኛ አንድ ዓመት ነው፣ በፈረንጆቹ ሁለት ይነካል። ወደ ፈረንጆቹ ሲቀየር በእኛ ዓመት ላይ እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ይጨመራል። ወሩ ካልታወቀ መመለስ አይቻልም። የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን የወሰደው የመጀመሪያው የአገር ሻምፒዮና እንኳ 1944 እ.ኤ.አ. ተብሎ ብቻ ሲጻፍ 1936 ይሁን 1937 አይለይም። አንቺ በእኛው አቆጣጠር ብቻ ጻፊ።

ሰው ስትጠይቂ ዓመት አትጠይቂ፤ ከማይረሳ ነገር ጋር አስተሳስሪው። ማራዶና ዋንጫ ያነሳበት የሜክሲኮው ዓለም ዋንጫ ሰኔ 1978 ነው። ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ሴካፋን (የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን) የወሰደችው ታኅሣሥ 1980፣ የጣሊያኑ ዓለም ዋንጫ ሰኔ 1982። "ከማራዶና በፊት ነው በኋላ?" ሲባል ያልተሳሳተ ሰው ብዙ ነው። ወሬው ወደ ሐዋሳ ከነማ የ1996 እና የ1999 ዋንጫ ከሄደ ግን ሁለታችሁም ከሰባዎቹ ወጥታችኋል፤ ቡናው ይቀጥል፣ ቀረጻውን አቁሚ።

ሁለት ሰው አንድ ላይ አታናግሪ። አንደኛው ተናጋሪ ከሆነ ሌላው ራሱን ይነቀንቅለታል፣ አንቺ ደግሞ ሁለት ምስክር አገኘሁ ትያለሽ። ከአጥቂ በፊት በረኛውን፣ ከበረኛው በፊት ዳኛውን ፈልጊ። ወጌሻም አይናቅ፤ ማን መቼ እንደተሰበረ ያውቃል፣ ከዚያ አሰላለፉ ይያያዛል። የሰው ስም ከመለጠፍሽ በፊት እሱን ወይም ቤተሰቡን አስፈቅጂ።

ፎቶውን ከመስታወት ጋር ተጣብቆ ከሆነ አትላጪው፤ ከነመስታወቱ ይነሳ። ስካን ከተደረገ በ600 ዲፒአይ፣ ጀርባውም ጭምር፤ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ከተማውን ይነግርሻል። ስም የምትጽፊው ጀርባው ላይ በስክሪፕቶ ሳይሆን በሌላ ወረቀት ነው፤ የቆሙት ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ የተንበረከኩት። ቴሴራውን ፕላስቲክ አታስለብጪው፤ ሙቀቱ ቀለሙንም ፎቶውንም ያበላሻል። ክቡ ማኅተም ላይ ዙሪያውን የተጻፈው የፌዴሬሽን፣ የቀበሌ ወይስ የሠራተኛ ማኅበር መሆኑን በማጉያ አንብቢ፤ መጀመሪያ ማንኳኳት ያለብሽ በር እሱ ነው።

ለምን ፈረሰ የሚለውን በአንድ ምክንያት አትዝጊው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የወጣው በ1975 ነው፤ የሚመለከተው ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለውን ነው፣ ይኸውም የአማተር ቡድን ሙሉ አሰላለፍ ማለት ነው። ከላይ ያልኩት የ1980 ክፍፍልም ክፍለ ሀገራዊ ሊግን ያለ ባለቤት ሊያስቀረው ይችላል። ከዚያ በታች ያሉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ሜዳው በበልግ ሲጨቀይ ጨዋታ ይራዘማል፣ የተራዘመው ይደራረባል፣ ለዳኛና ለመኪና የተያዘው ገንዘብ ከመጨረሻው ሳምንት በፊት ያልቃል። አንድ ተጫዋች በሁለት ቴሴራ ሲገኝ ክስ ይነሳል፤ ክሱ ሳይወሰን ሠንጠረዡ አይጸድቅም። የዲሲፕሊን ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ካገኘሽ ከማንም ትረካ አስቀድመሽ እሱን አንብቢ። እኔን ከጠየቅሽኝ ከሜዳ ጭቃ ይልቅ ያልተወሰነ ክስ ብዙ ሊግ ገድሏል።

ሁለተኛው ዓመት ሳይጠናቀቅ ቀርቶ ሊሆንም ይችላል። ያኔ ሠንጠረዡን እንዳለ አትሚው፤ ከ30 ጨዋታ 19 ብቻ ከተገኘ "19 ጨዋታ የተረጋገጠ" ብለሽ። በሰነድ የተገኘውን፣ በአንድ ሰው ቃል ብቻ ያለውንና አንቺ በድምር የደረስሽበትን በሦስት ምልክት ለዪ። በመሪነት የነበረውን ቡድን መሪ በይው እንጂ ሻምፒዮን አትበይው፤ የሻምፒዮኑን ቦታ ክፍት ተይው። ደጋፊዎቹ ይቆጡሻል፤ ከተቆጡት አንዱ ቤቱ ያለውን ወረቀት ይዞ ሊመጣ ይችላል።