ፎቶው ሲደርቅ ለምን ይጠቀለላል?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፤ አባቴ ካስቀመጧቸው የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቮች ላይ፣ በቤቴ ባዘጋጀሁት ጨለማ ክፍል ፎቶ ማተም ከጀመርኩ ጥቂት ወራት ሆኖኛል። የምጠቀመው የፕላስቲክ ልባስ የሌለውን ኤፍ.ቢ. የተባለውን ወረቀት ነው። አጥቤ በገመድ ላይ ስሰቅላቸው ግን እንደ ቀረፋ ተጠቅልለው ያድራሉ። በመጽሐፍ ብጫናቸውም ሳነሣላቸው መልሰው ይጠቀለላሉ፤ አንዱን በግድ ስዘረጋው ፊቱ ተሰነጠቀብኝ። ምን ባደርግ ይሻላል? አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ መጠቅለሉ የወረቀቱ ጠባይ ነው እንጂ የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ምስሉን የያዘው ጄላቲን የተቀባው በአንዱ ገጽ ብቻ ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅም ከወረቀቱ ይበልጥ ስለሚኮማተር ጠርዞቹን ወደ ምስሉ በኩል ይስባቸዋል። አር.ሲ. የሚባለው ወረቀት ሁለቱም ገጹ በፕላስቲክ ስለተለበጠና ውኃ ወደ ውስጡ ስለማይዘልቅ እምብዛም አያስቸግርም። ኤፍ.ቢ. ግን ውኃውን እስከ መሀሉ ይጠጣል፤ አየሩ ደረቅ ሲሆንና ፎቶው ቶሎ ሲደርቅ ደግሞ መጠቅለሉ ይብሳል። ስለዚህ በአዲስ አበባ የበጋ አየር አንድን ፎቶ ለብቻው ነፋስ በሚያገኘው ገመድ ላይ መስቀል ችግሩን የሚያባብስ አደራረቅ ነው።

ዋናው ነገር ፎቶው ቀስ ብሎ እንዲደርቅ ማድረግና ጨርሶ ሳይደርቅ ማንሣት ነው። ፊክሰሩ (ምስሉን የሚያጸናው ኬሚካል) በሚገባ ከታጠበ በኋላ ውኃውን ከሁለቱም ገጽ በንጹሕ የጎማ መጥረጊያ ያንሸራቱና ፎቶውን ለመስኮት በሚሠራ የፕላስቲክ ወንፊት ላይ፣ ምስሉን ወደ ታች አድርገው፣ ነፋስ በማይገባበት ክፍል ያስተኙት። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የእጅዎን ጀርባ ወደ ወረቀቱ ጀርባ ያስጠጉ፤ ላይ ላዩ የደረቀ መስሎ ሳለ ቅዝቃዜ ከተሰማዎት ውስጡ ገና እርጥበት አለው ማለት ነው፤ ፎቶውን ማንሣት ያለብዎት ያን ጊዜ ነው። ፊቱ በጣት ሲነካ የማይጣበቅ መሆኑን አረጋግጠው፣ ውኃ በሚመጥጡ ንጹሕ ነጭ ወረቀቶች መሀል ያስገቡትና ከላዩ ከባድ መጻሕፍት ይጫኑበት። ወረቀቶቹን በማግሥቱ ይለውጡ፤ ክብደቱን ግን ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን አያንሡ። ጋዜጣ ቀለሙን ስለሚያጋባ ለዚህ አይሆንም።

ወንፊት ካላገኙ እኩል መጠን ያላቸውን ሁለት ፎቶዎች ጀርባ ለጀርባ አጋጥመው በአራቱም ማዕዘን በልብስ መቆንጠጫ ይያዟቸውና ይስቀሏቸው፤ አንዱ ወዲህ ሲስብ ሌላው ወዲያ ይስባል።

እኔ ግን ለትልቅ ፎቶ የምመርጠው መስታወት ነው። ርጥቡን ፎቶ ምስሉን ወደ ላይ አድርገው በንጹሕ መስታወት ላይ ይዘርጉ፤ ከዚያም አራቱን ጠርዞች ውኃ ሲነካው በሚጣበቅ ባለሙጫ የወረቀት ፕላስተር ዙሪያውን ይለጥፏቸው። ወረቀቱ ሲደርቅ መኮማተር ስለማይችል እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይቀራል፤ በማግሥቱ ፕላስተሩ ያረፈበትን ጠርዝ በስለት ቆርጠው ያወጡታል። ጠርዙ ስለሚባክን በሚያትሙበት ጊዜ ዙሪያውን ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር ነጭ ይተዉ።

አስቀድመው የተጠቀለሉትን በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወደ ኋላ አጥፎ ማቃናት ፈጽሞ አይገባም፤ እኔም በዚህ መንገድ አንድ የምወደውን ፎቶ አጥቻለሁ፤ ስንጥቁም አይድንም። በንጹሕ ውኃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ እስኪለሰልሱ ድረስ ዘፍዝፈው እንደ አዲስ ያድርቋቸው። የደረቀና ጥቂት ብቻ የተንጋደደ ከሆነ ምስሉን በንጹሕ ወረቀት ላይ ደፍተው፣ ጀርባውን በነጭ የጥጥ ጨርቅ ሸፍነው፣ በዝቅተኛ ሙቀት ካውያ ይተኩሱትና ትኩሱን ሳያቆዩ እስኪቀዘቅዝ በመጽሐፍ ይጫኑት። አር.ሲ. ወረቀት ላይ ግን ካውያ አያስጠጉ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

የተሰነጠቀብዎትን ኔጋቲቩ በእጅዎ ስለሆነ ዳግመኛ ማተም ይችላሉ። ከአባትዎ ዘመን የቀሩ፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው የታተሙ ፎቶዎች ካሉዎት ግን በእነዚህ ላይ ውኃም ካውያም አይሞክሩ።