ለወጣት ጠበቆች፦ የተሸነፈውንም ክርክር መዝገብ ላይ አስፍሩት

ልጆቼ፣ ጥብቅና ልትጀምሩ ያላችሁ ሁሉ፣ ስለ ወታደራዊ ሕግ ለማወቅ ስትነሡ ከአዋጁ ጽሑፍ አትጀምሩ። አዋጅማ ሁሉም «ሰላምና ጸጥታ» ነው የሚለው። ገበሬው ደጃፍ ሲደርስ ምን እንደሚሠራ ተመልከቱ። እኔ በሥራ ዘመኔ ለዚህ ከአየርላንድ የተሻለ ማስተማሪያ አላገኘሁም።

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 10 ቀን 1920 ያኔ አየርላንድን ይገዛ የነበረው የብሪታንያ መንግሥት በኮርክ፣ በኬሪ፣ በሊመሪክና በቲፐራሪ ካውንቲዎች ወታደራዊ ሕግ አወጀ። በጃንዋሪ 1921 ደግሞ ክሌር፣ ዋተርፎርድ፣ ኪልኬኒና ዌክስፎርድ ተጨመሩ። አብዛኛው የላምና የወተት አገር ነው። ለነፃነት የሚዋጉት ሽምቅ ተዋጊዎች በገጠሩ መንገድ እያደፈጡ ፖሊስና ወታደር ይመቱ ነበር፤ ሠራዊቱም መሣሪያ ይዞ የተገኘ ሰው በሞት እንዲቀጣ አዘዘ።

ከትእዛዞቹ ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ትንሹ ነው። እያንዳንዱ አባወራ ቤቱ ውስጥ የሚኖረውን ሰው ስም፣ ዕድሜና ሥራ ጽፎ ከበሩ በስተውስጥ እንዲለጥፍ ተገደደ። ወታደሮች ለፍተሻ ሲገቡ ወረቀቱን ቤት ካገኙት ሰው ጋር ያመሳክራሉ። እስቲ አስቡት፤ ያልታሰበ ዘመድ አምሽቶ ቢመጣ እንኳ የቤቱ እናት ከእራቱ በፊት የምታስበው ስለዚያ ወረቀት ነው።

በኮርክ ካውንቲ ሚድልተን በምትባል ከተማ ፖሊሶች ተደብቀው በጠበቋቸው ታጣቂዎች ተገደሉ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1921 ሠራዊቱ የአካባቢውን ቤቶች በይፋ አጠፋ። የተሰጠው ምክንያት ነዋሪዎቹ ስለ ጥቃቱ ሳያውቁ አይቀሩም፣ አውቀውም አልተናገሩም የሚል ነበር። ውድ ንብረታቸውን እንዲያወጡ አንድ ሰዓት ተሰጣቸው፤ የቤት ዕቃውን ግን አይነኩም። ክስ የለም፣ ምስክር የለም፣ ይግባኝ የለም። ይህ እንግዲህ በመኰንን ፊርማ፣ በሥርዓት የተፈጸመ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሙያ ልምጣ። ጆን አለን የተባለ የቲፐራሪ ሰው ሽጉጥና ጥይት ይዞ ተገኝቶ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ሞት ፈረደበት። ጠበቆቹ ደብሊን ላለው ከፍተኛ ፍርድ ቤት አመለከቱ። የብሪታንያ ፓርላማ በ1920 ለአየርላንድ ጸጥታ የተለየ ሕግ አውጥቷል፤ በዚያ ሕግ ደግሞ ለዚህ ጥፋት ሞት አልተደነገገም፤ ታዲያ ሠራዊቱ ሞት የመፍረድ ሥልጣን ከየት አመጣ? ብለው ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ ጦርነት ስላለ ጦርነቱ እስኪያበቃ ጣልቃ አንገባም አለ። አለን በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1921 ኮርክ ውስጥ ተረሸነ።

በጁላይ የተኩስ አቁም ከሆነ በኋላ የክሌሩ ሰው የጆን ኢጋን ጉዳይ መጣ። እሱም ጥይት ይዞ ተገኝቶ ሞት ተፈርዶበታል። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታው ማስተር ኦቭ ዘ ሮልስ ለሚባለው ከፍተኛ ዳኛ ለቻርልስ ኦኮነር ቀረበ። ኦኮነር ያ የተናቀው የአለን ጠበቆች ክርክር ትክክል ነው አለ፦ ፓርላማ ሥልጣኑን በሕግ ከወሰነ ሠራዊቱ ከዚያ ውጭ የራሱን ችሎት ማቋቋም አይችልም። የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ማክሬዲ እስረኛውን አላቀርብም ሲል፣ ዳኛው በጄኔራሉ ላይ በፍርድ ቤት መድፈር የመያዣ ትእዛዝ እንዲወጣ አደረገ። መንግሥት ወደ ኋላ አለ፤ ኢጋንም ተፈታ።

አንዳንድ መምህራን የኢጋንን ውሳኔ ብቻ አስነብበው ያልፋሉ። እኔ አልስማማም። የተኩስ አቁሙ ለዳኛው መንገድ እንደጠረገለት መካድ አይቻልም፤ ቢሆንም የተጠረገ መንገድ ላይ የሚሄድ ክርክር መኖር አለበት። ስለዚህ አስቀድማችሁ የአለንን መዝገብ አንብቡ፤ ከውሳኔው በፊት የጠበቆቹ ክርክር በተጻፈበት ገጽ ላይ ቆዩ። አንድ ቀን እናንተም እንደምትረቱ እያወቃችሁ ችሎት ትቆማላችሁ። ያን ቀን «ይህ ሥልጣን በየትኛው አንቀጽ ተሰጠ?» የሚለውን ጥያቄ በቃል ብቻ አታቅርቡት፤ በጽሑፍ አስገቡት፣ ከመዝገቡ ጋር መያያዙንም ሬጅስትራር ጋ ሄዳችሁ አረጋግጡ።