ለረጅም የግቢ መንገድ ትራክተርና ስኖውብሎወር ስትመርጥ ከኋላው ጀምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። 250 ሜትር የጠጠር መንገድ፣ መጨረሻው ላይ ዳገት፣ ብርዱ እስኪያልፍ በረዶ የሚከመርበት። ያገለገለ 25 የፈረስ ጉልበት ትራክተር አግኝተሃል። ከኋላው ስኖውብሎወር (በረዶ እየዋጠ የሚወረውር ማሽን) ልግጠምለት ወይስ በእጅ የሚገፋው ይበቃኛል ነው ያልከው። የእኔም መንገድ እንደዚያው ነው። ጠጠር፣ ዳገት፣ ከጎን የሚገርፍ ነፋስ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርህ።

በእጅ የሚገፋውን እርሳው። እስቲ አስላው። 250 ሜትር ርዝመት፣ 3 ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሆን 225 ሜትር ኩብ በረዶ ነው። አዲስ የወረደ ቀላል በረዶ በሜትር ኩብ 100 ኪሎ ገደማ ቢመዝን ከ22 ቶን በላይ ይሆናል። ነፋስ የጠቀጠቀው ደግሞ 300 ኪሎም ይደርሳል። ይህን ሁሉ ከሥራ በፊት በማለዳ ልትጠርግ ነው።

እዚህ አንዳንዶች "ከፊት የሚገፋ ምላጭ ይበቃሃል" ብለውሃል። አጭር መንገድ ላይ እውነት ነው፣ ምላጭ ፈጣን ነው። ግን በረዶውን ወደ ዳር ነው የሚገፋው። ዳሩ ላይ የተከመረው በብርድ ይጠነክራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ አይገፋም፣ መንገዱ እየጠበበ ይሄዳል። ስኖውብሎወር አንስቶ ይወረውረዋል፣ ዳርህ ነፃ ይሆናል። ለአንተ የሚሆነው እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው። ሁሉም ሰው ትራክተር ሲያይ ከፊቱ ይጀምራል። ስሙን፣ ቀለሙን፣ የሠራበትን ሰዓት። አንተ ከኋላው ጀምር። ነገሩ የሚሰምረውም የሚበላሸውም ትራክተሩና ብሎወሩ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው።

1. የፒቲኦውን ጉልበት ጠይቅ። ሻጩ የሚነግርህ የሞተሩን ነው። ብሎወሩን የሚያዞረው ግን ፒቲኦ በሚባለው፣ ከትራክተሩ ኋላ በሚወጣው ዘንግ ላይ የሚደርሰው ጉልበት ነው። መሐል ላይ ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። 25 የሚባል ትንሽ ትራክተር ሃይድሮስታቲክ (በማርሽ ፋንታ በዘይት ግፊት የሚነዳ) ከሆነ ፒቲኦው ላይ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 20 ነው የሚሰጥህ። በዚህ ጉልበት 150 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ብሎወር ጣሪያህ ነው። 180ውን ሊያሸክሙህ ይሞክራሉ፣ "ቶሎ ትጨርሳለህ" ብለው። ደረቅ በረዶ ላይ ይሄድልህ ይሆናል። እርጥብ በረዶ ሲመጣ ሞተሩ ያቃስታል፣ መወርወሪያ ቧንቧው ይታፈናል፣ አንተም በየአሥር ሜትሩ እየወረድክ ስትጎረጉር ትውላለህ። ከታች በኩል ደግሞ ገደቡ ጎማህ ነው። ብሎወሩ ከኋላ ጎማዎችህ የውጭ ጠርዝ ትንሽ ሰፋ ማለት አለበት። አለዚያ ጎማህ ያልተጠረገውን እየረገጠ ይጠቀጥቀዋል።

2. ቀስ ማለት መቻሉን እይ። ብሎወሩ በደቂቃ 540 ዙር ነው የሚፈልገው። ያንን ለማግኘት ሞተሩን ከፍ ያለ ዙር ላይ ትተወዋለህ። በረዶው ሲበዛ ነዳጅ ቀንሰህ ልታዘግም አትችልም፣ ነዳጅ ስትቀንስ መወርወሩም አብሮ ይደክማል። ሃይድሮስታቲክ የሆነው ላይ ግን ሞተሩ ዙሩን እንደያዘ በእግርህ ፍጥነቱን እንደ ልብህ ታደርገዋለህ። ማርሽ ያለው ከሆነ አንደኛው ማርሽ ራሱ ሊፈጥንብህ ይችላል። ከመግዛትህ በፊት ፒቲኦውን አስነሳና ፍሪሲዮኑን እስከ ግማሽ ርገጥ። ትራክተሩ ቆሞ ፒቲኦው መዞሩን ከቀጠለ ደህና ነው። እሱም አብሮ ከቆመ ተወው። ብሎወሩ የዋጠውን እንዲተፋ ቆመህ መጠበቅ በምትፈልግበት ሰዓት እሱ ቀድሞህ ይቆማል።

3. የሻፍቱን ርዝመት ሳታስለካ ከሻጩ ግቢ አትውጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ደሜ ያፈላኝ ነገር ይህ ነው።

ትራክተሩን ከብሎወሩ የሚያገናኘው ሻፍት አንዱ ቱቦ ሌላው ውስጥ የሚገባ ነው። ብሎወሩን ስታነሳና ስታወርድ ይረዝማል፣ ያጥራል። ፋብሪካው ለሁሉም ትራክተር እንዲሆን ረጅም አድርጎ ነው የሚልከው። ለራስህ ትራክተር በልክ መቆረጥ አለበት። በጣም ከረዘመ ብሎወሩን ስታነሳ መግቢያ ያጣና የትራክተሩን ፒቲኦ ወደ ውስጥ ይመታዋል። በጣም ካጠረ ደግሞ ሲለጠጥ ይላቀቃል። መመሪያው ላይ ተጽፏል።

እኔ ይህን አንብቤ ነበር። ትራክተሩንም ብሎወሩንም ከአንድ ቦታ ነው የገዛሁት። "ሻፍቱ ተለክቷል ወይ?" ብዬ ጠየቅኩ። ሻጩ ስልኩን እያየ "ፋብሪካው ያውቅበታል፣ ገጥመን ነው የምንልከው" አለኝ። የርክክቡ ወረቀት ላይም "ተገጥሞ፣ ተፈትሾ፣ ለሥራ ዝግጁ" ብለው ፈርመዋል።

የመጀመሪያው ከባድ በረዶ ወረደ። ዳገቱ ጋ ደርሼ ለመዞር ብሎወሩን ሳነሳው ከኋላ ቀጭ አለ። ወርጄ ሳይ ዘይት በረዶው ላይ ይንጠባጠባል። የፒቲኦው ኩሽኔታና የዘይት መያዣው ጎማ ተበላሽተዋል። በዓመቱ ዋና የበረዶ ሳምንት ትራክተሬ ተጭኖ ሄደ፣ መንገዴ ተዘጋ።

ጥገና ክፍሉ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ሻፍት መቁረጥ የባለቤቱ ኃላፊነት ነው፣ ዋስትናው አይሸፍንም።" ጠረጴዛው ላይ የነበረችው ሠራተኛ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ሻጩን ጥሩልኝ አልኩ፣ ምሳ ወጥቷል ተባለ። ጠበቅኩት፣ በሌላ በር ወጥቶ ሄዷል። መለዋወጫውንም፣ የሠራተኛውንም፣ የመጫኛውንም ከኪሴ ከፈልኩ።

ግን አልተውኳቸውም። የርክክቡን ወረቀትና የመመሪያውን ገጽ ይዤ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቀረብኩ። "ተፈትሾ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን የፈረመው ማነው?" አልኩት። ድምፄን ከፍ አላደረግኩም፣ ግን ከወንበሩም አልተነሳሁም። በመጨረሻ የጥገናውን የጉልበት ዋጋ መለሰልኝ። የመጫኛውንና የመለዋወጫውን አሁንም አልከፈሉኝም። የጠፋውን ሳምንት ማን ይመልሳል? ወረቀት ያስፈረምከው ሰው ሲክድህ ያናድዳል ወንድሜ።

ከዚያ ወዲህ ሻፍት ራሴ ነው የምቆርጠው። ብሎወሩን ቀስ እያደረግክ ከታች እስከ ላይ አንሳው፤ የትራክተሩና የብሎወሩ ዘንጎች በጣም የሚቀራረቡበትን ቦታ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ሻፍቱ ከመሬት ጋር እኩል አግድም ሲሆን ነው። እዚያ ላይ ቱቦው እስከ ጥግ ሳይገባ ጥቂት ሴንቲ ሜትር መፈናፈኛ ይኑረው። በጣም ሲለጠጥ ደግሞ ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ ሲሶውን ያህል ይደራረቡ። የውስጡንም የውጪውንም ቱቦ፣ የላስቲክ መሸፈኛዎቹንም እኩል ቁረጥ። በብረት መጋዝ ይሄዳል። ጫፉን በሞረድ አለስልሰው፣ ግራሶ ቀባው። መሸፈኛውን ግን አውጥተህ እንዳትጥል፣ የሚዞር ሻፍት ልብስ ከያዘ ሰው አይለቅም። የእኔው ሻፍት እስካሁን እንከን የለበትም። የሰፈሩም ሰው አዲስ ብሎወር ሲገዛ እኔን ነው የሚጠራው፣ ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ።

ከፊት ልግጠም ወይስ ከኋላ ላልከው፣ ከኋላው ርካሽና ቀላል ነው፤ ችግሩ ወደ ኋላ እየነዳህ መሥራትህ ነው፣ አንገት ይበላል። ከፊቱ ምቹ ነው፣ ግን በብዙዎቹ ትናንሽ ትራክተሮች ከሆድ በሚወጣ 2,000 ዙር ፒቲኦ ነው የሚሠራው። ያ ፒቲኦ፣ ለብቻው የሚገጠም ማሰሪያ ብረትና ለኋላ ክብደት ያስፈልግሃል። ያገኘኸው ትራክተር የሆድ ፒቲኦ ከሌለው ክርክሩ አለቀ፣ ከኋላ ግጠም። ለ250 ሜትር አንገትህ ይችለዋል።

ጠጠር ስለሆነ ከብሎወሩ ግራና ቀኝ ያሉትን ጫማዎች (መሬት ላይ የሚንሸራተቱትን ብረቶች) ዝቅ አድርገህ እሰር፤ ምላጩ ከመሬት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይነሳ። መሬቱ በብርድ በደንብ እስኪጠነክር ድረስ ቀጭን በረዶ ትተህ እለፍ። እሱ ተጠቅጥቆ ጠጠሩን ይይዝልሃል። አለዚያ ድንጋይ እየወረወርክ መስኮት ትሰብራለህ።

ሺር ቦልት የሚባለው ቡሎን ሆን ተብሎ እንዲቆረጥ የተሠራ ነው። ድንጋይ ወይም የበረዶ ግግር ሲገባ እሱ ተቆርጦ የብሎወሩን ካምቢዮ ያድነዋል። "እየተቆረጠ አስቸገረኝ" ብለህ ጠንካራ ቡሎን እንዳታስገባ። በመመሪያው የተጻፈውን ዓይነት ገዝተህ ከመፍቻው ጋር ትራክተሩ ላይ አስቀምጥ።

ዳገት ስላለህ ሰንሰለት ግዴታ ነው። ወፍራም ጥርስ ያለው የሥራ ማሽን ጎማ ጭቃ ላይ ጎበዝ ይመስላል፣ በረዶ ግግር ላይ ግን ይንሸራተታል። ስትገዛ ሰንሰለቱ ከጭቃ መከላከያውና ከሃይድሮሊክ ቧንቧዎቹ ጋር እንዳይነካካ ክፍተቱን ለካ።

ናፍጣህ የክረምት ናፍጣ ይሁን። የበጋው በብርድ ሰም ይሠራና ፊልትሮውን ይዘጋል። ሞተር ማሞቂያ ካለው ደግሞ ከመነሳትህ ቀደም ብለህ ሰካው።

በወቅቱ መጀመሪያ ላይ ከምትፈልገው በላይ አስፍተህ ጥረግ፣ ቆይቶ ዳሩ ይጠብባል። መሬቱ በብርድ ሳይጠነክር በፊት ዳርና ዳሩን የመንገዱን ጠርዝ የሚያሳይ እንጨት ትከል። ሁልጊዜ ነፋሱ ወደሚሄድበት ወርውር።

ይህን ደግሞ አደራ። ቧንቧው ሲታፈን እጅህን አታስገባ። ፒቲኦውን አጥፋ፣ ሞተሩን አጥፋ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት፣ ሁሉም ነገር መቆሙን እይ። ከዚያም ቢሆን በእንጨት ጎርጉር። የቸኮለ ሰው ጣቱን የሚያጣው እዚያ ላይ ነው።

አሁን ሂድና ሁለት ነገር ለክተህ እዚሁ ጻፍልኝ። አንደኛ የኋላ ጎማዎቹን ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ። ሁለተኛ የፒቲኦው ጉልበት ስንት እንደሆነ፣ ከመመሪያው ላይ እንጂ ከሻጩ አፍ አይሁን። ብሎወሩ ስንት ሴንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት በዚያው ቀን እነግርሃለሁ። ሻፍቱን ስትቆርጥም ከተጠራጠርክ ከመቁረጥህ በፊት ፎቶ ላክ።