ቤዝባንድ ሞደምና የመዳብ መስመር፦ ጥያቄና መልስ ለሰሜን ሸዋ

ሁለት ቢሮ በስልክ ጥንድ ሽቦ ለማገናኘት የምታስቡ፣ ጠይቁ። የመስመሩን ርዝመትና የሽቦውን ውፍረት አብራችሁ ጻፉ፤ ያለዚያ መልሱ ግምት ይሆናል።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ጋሼ፣ ቤዝባንድ ሞደም ከድሮው ጩኸታም ዳያል አፕ (በስልክ ደውሎ ኢንተርኔት ከሚገባው) በምን ይለያል?

መልስ፦ ዳያል አፕ ዳታውን ወደ ድምፅ ለውጦ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ባለው ክልል ያሳልፋል፤ ስዊቹ (የቴሌው የስልክ ማዞሪያ) ከዚያ በላይ አይፈቅድለትም። ቤዝባንድ ተሸካሚ ሞገድ የለውም፤ ቢቱን በቀጥታ የቮልቴጅ ምት አድርጎ ሽቦው ላይ ይጥለዋል። ስለዚህ ስዊች አይነካም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ መዳብ ይፈልጋል።

ጥያቄ (ሸዋ ሮቢት)፦ 1 ሲሆን ቮልቴጅ፣ 0 ሲሆን ባዶ ማለት ነው?

መልስ፦ እንደዚያ ቢሆን ዜሮ ሲደረደር ተቀባዩ ቆጠራው ይጠፋበታል፤ ጫፍ ላይ ያለው ትራንስፎርመርም የማይለዋወጥ ቮልቴጅ አያሳልፍም። ቱ ቢ ዋን ኪው የሚባለው ኮድ ሁለት ሁለት ቢት እየያዘ በ4 ደረጃ ይልካል፦ 10 ሲመጣ +3፣ 11 ሲመጣ +1፣ 01 ሲመጣ −1፣ 00 ሲመጣ −3። አይ ኤስ ዲ ኤን (ዲጂታል የስልክ መስመር) በሴኮንድ 160 ኪሎቢት የሚያሳልፈው በ80 ሺህ ምት ብቻ ነው። ምቱ ሲያንስ ፍሪኩዌንሲው ይወርዳል፤ መዳብ ደግሞ አርቆ የሚያደርሰው ዝቅተኛውን ነው።

ጥያቄ (ደብረ ብርሃን)፦ በ0.5 ሚሊ ሜትር ሽቦ 3 ኪሎ ሜትር ነው። ጥንዱ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

መልስ፦ ሞደሞቹን ይንቀሉና በመልቲሜትር ይጀምሩ። መጀመሪያ ዲሲ ቮልት፦ 48 አካባቢ ካሳየ ጥንዱ ገና ከስዊች አልተነቀለም፤ እንዲነቀል ያድርጉ። ከዚያ ማዶ ያለው ሰው ሁለቱን ሽቦ ያገናኝና ኦሙን ይለኩ። 0.5 ሽቦ ደርሶ መልስ በኪሎ ሜትር 178 ኦም ገደማ ስለሆነ 530 አካባቢ ይጠብቁ። (ቆላ ላይ ከፍ ይላል፤ በ10 ዲግሪ ሙቀት 4 በመቶ ገደማ።) በጣም ከበዛ መገጣጠሚያው ዝጓል፤ ቁጥሩ እየዋዠቀ ካስቸገረ ደግሞ ላልቷል። ማዶውን አስለቅቀው በሽቦዎቹ መካከል፣ እያንዳንዱንም ከመሬት ጋር ይለኩ፤ ክረምት ላይ ቁጥሩ ከወረደ ውሃ ገብቷል።

መልቲሜትር የማያያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ለድምፅ ተብሎ በየ1830 ሜትሩ የሚገባው 88 ሚሊሄንሪ የሽቦ ጥቅል (ሎዲንግ ኮይል) ነው፤ ካለ ይውጣ፣ ቤዝባንድን ያፍናል። ሌላው የተሳሳተ ጥንድ ነው፦ ከአንዱ ጥንድ አንድ ሽቦ፣ ከጎረቤቱ ሌላ ሽቦ ተይዞ ሲታሰር። ኦሙ ልክ ይመጣል፣ ስህተቱ ግን አያልቅም፤ አብረው ያልተጠማዘዙ ሽቦዎች የጎረቤት ጫጫታ አያጣፉም። ሳጥን ሳጥኑን ከፍቶ ቀለም ማመሳከር ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ እስከ ደብረ ብርሃን ያስኬዳል?

መልስ፦ መሐል ያለውን የጣርማ በር ተራራ በመዳብ አንሻገርም። ፋይበር ይጠይቁ።

ጥያቄ (አለም ከተማ)፦ መብራቱ አረንጓዴ ነው፣ ዳታው ግን በየተወሰነ ጊዜ ይበላሻል።

መልስ፦ የክሎክ (ቢቱ የሚላክበትን ፍጥነት የሚመታው ሰዓት) ነገር ይመስላል። አንዱ ሞደም በራሱ ክሎክ፣ ሌላው ከመስመሩ በሚቀበለው መሄድ አለበት። ሁለቱም በራሳቸው ከሄዱ ቀስ እያሉ ይለያዩና ቢት ይዘላል። ለማረጋገጥ የማዶውን ሞደም ሪሞት ሉፕ (የተቀበለውን መልሶ የሚልክበት ሁኔታ) ላይ ያድርጉና 15 ደቂቃ ስህተት ይቁጠሩ፤ በሉፕ ንጹህ ሆኖ ሲፈታ ከተመለሰ፣ ማዶውን ወደ መስመር ክሎክ ይቀይሩ።